ገብስ የተከፈለበት ባሕር

ባለፈው ሳምንት ነው፣ መስከረም ጠባ ከማለቱ። የልጅ ልጄ ትዕግስት ስልኳን እየነካካች «እማዬ፣ ነገ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አለ ይላል፤ የታጠበውን ልብስ ቀደም ብለሽ አስገቢው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሳላስበው እንደ ድሮዬ «ባሕሩስ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «የምን ባሕር?» አለች። «ባሕሩ ነዋ! ማዕበሉን እንዴት ነው ይላል?» ሳቋን ለቀቀችው። «እማዬ ደግሞ! ንፋስ መውጫ ላይ ቁጭ ብለሽ ከየት አምጥተሽው ነው ባሕር?» እውነቷን ነው፣ ከየት አምጥቼው። እሷ በተወለደችበት ዘመን እንኳን ጋይንት አገሩም ባሕር የለው። ግን ይህች ዛሬ ባጃጅ የሚያተራምሳት ከተማ አንድ ጊዜ በየምሽቱ ስለ ባሕር ስትጨነቅ የኖረች ከተማ ናት ብላት ተረት መሰላት። ተረት አይደለም። የጨነቀን እኛ ነን።

ያኔ ሻይ ቤት ነበረኝ። ከገበያው ወጣ ብሎ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዛሬ ባለ ፎቁ ሱቅ የቆመበት ቦታ ላይ። መንገዱን ቻይኖች ሠርተው ከሄዱ ብዙም አልቆየም ነበር፤ አውቶቡስ ሲመጣ አቧራው ቀድሞ ይደርስና ሻዩ ላይ ያርፋል። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በዐሥር ሳንቲም፣ ስኳር ሲጠፋ ደግሞ በከረሜላ እንጠጣ ነበር፤ ከረሜላውን በጉንጭ ወሽቆ ሻዩን መሳብ ነው። መምህራኑ ከታች ሰፊ የሆነውን ሱሪያቸውን እያወዛወዙ፣ ጎፈሬያቸውን በሽቦ ማበጠሪያ እያሳደጉ ይመጣሉ። ገበሬው ኮንጎ ጫማውን በር ላይ ያራግፋል። ካኪ የለበሰ ሰው ብቅ ካለ ወሬው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ዝናብ ይዞራል። «ዘንድሮ ዝናቡ ከበደ»፣ «ኧረ ውርጩ ነው የሚፈራው» ይባላል። ስለ ደመና በማውራት የታሰረ ሰው ስላልነበረ ነው መሰለኝ፣ የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ የአየር ጠባይ አዋቂ ነበር።

ሬዲዮ ነበረችኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሹፌር ስለነበረ ከአስመራ ነው ያመጣልኝ፤ ባለ ቆዳ ልብስ፣ አንቴናዋ ረጅም። ባትሪ ድንጋይዋ ሲደክም ቀን ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስመታዋለሁ፣ ማታ ደግሞ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ጨርሶ ሲሞት እንድሪስ ያበድረኛል። እንድሪስ በረንዳ የሚጋራኝ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ግማሹ ሱቅ፣ ግማሹ ማሽን። ቀልደኛ ሙስሊም፣ እጁ የማያርፍ። ወሬ ሲጥመው ማሽኑን ያቆማል፣ ወሬ ሲያሳፍረው ማሽኑን ይረግጣል፤ እኔ ጠባዩን በማሽኑ ድምፅ ነበር የማውቀው። ምሽት ላይ ዜናው አልቆ ዘፈን ከመግባቱ በፊት የአየር ጠባይ ይነበባል። መጀመሪያ ክፍለ ሀገሮቹ በየተራቸው፣ ጎንደር፣ ጎጃም፣ ወሎ እያለ። ቀጥሎ ለአውሮፕላን በረራ፣ ደመናው ምን ያህል ዝቅ ብሏል፣ እይታው እንዴት ነው የሚለው። መጨረሻ ላይ ቀይ ባሕር። ድሮ ባሕሩ ላይ ሲደርስ ማንም አይሰማም ነበር፤ ብርጭቆ ማንኳኳት፣ ሒሳብ መጠየቅ፣ መነሣት ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም አይደል የሚባለው።

ይህ እሜቴ ውዴ እስኪመጡ ነው። እሜቴ ውዴ ከከተማው በታች ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ገብስ አራሽ ነበሩ። የቀራቸው አንድ ልጅ አለምነው ነው። እሱም ባሕር ኃይል ገባ ተባለ፣ ምጽዋ። እሜቴ ውዴ ጣናን እንኳን አይተው አያውቁም። የሚያውቁት ውሃ ያቺን ከቤታቸው በታች ያለችውን ወንዝ ነው፤ እሷም ክረምት ሲሆን በግ ትወስዳለች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ባቄላ እሸት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡና «አንቺ የሺ፣ ይቺ ሣጥንሽ ስለ ባሕር ታውቃለች አሉኝ፤ እውነት ነው?» አሉኝ። «ታውቃለች እሜቴ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። ተቀመጡ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አድርገው። ሬዲዮው ባሕሩ ላይ ሲደርስ «የማዕበሉ ከፍታ ሁለት ሜትር» አለ። «ሁለት ሜትር ስንት ነው?» አሉ። መምህራኑ ሊያስረዱ ሲንተባተቡ፣ እንድሪስ የልብስ መለኪያውን ከአንገቱ አውርዶ ግድግዳው ላይ ዘረጋና በጠመኔ ምልክት አደረገ። «እስከዚህ ነው እሜቴ» አለ። እሜቴ ውዴ ተነሥተው ከምልክቱ ሥር ቆሙ። ቀና ብለው አዩትና «ከአለምነው ይበልጣል» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ማን ደፍሮ ብርጭቆ ያንኳኳል? «እስ! ባሕሩ ደረሰ!» ይባላል፣ ሹፌሩም፣ ገበሬውም፣ ካኪ ለባሹም ዝም። ጠመኔው ሲደበዝዝ እንድሪስ ያድሰዋል። እሜቴ ውዴ አንድ ሜትር ሲባል «ተመስገን፣ ወገቡ ነው» ይላሉ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ቤታቸው ይወርዳሉ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ባሕሩ ሲከፋ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። እንዴት ያለ ነገር ነው! አይቼው የማላውቀው ውሃ፣ የማላውቀው ነፋስ።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የአውቶቡስ ሹፌር ከአለምነው መልእክት ይዞ መጣ። ለመስቀል እመጣለሁ ብሏል፤ ከባሕሩ ወጥቶ አስመራ፣ ከአስመራ በአውሮፕላን ጎንደር፣ ከጎንደር በመኪና። «ገብሱን እኔ ነኝ የማጭደው፤ እሸትም እንኩቶም ሳልበላ እንዳትነኩት» ብሏል። እሜቴ ውዴ እግራቸው መሬት አልነካም፤ ሹፌሩን ጉልበቱን ሊስሙ ደርሰው ነው በግድ የያዝናቸው። ግን ያ መስከረም መጥፎ ነበር። ጉና ጉሙን አልገልጥ አለ። አንድ ምሽት ሬዲዮው ጀመረ። በሰሜን ምዕራብ ከፍተኛ ቦታዎች ዝናቡ ዘግይቶ እንደሚወጣ፣ በረዶም እንደሚቀላቅል። ለበረራ፣ ደመናው ተራሮቹ ላይ ዝቅ ብሎ እንደሚቆይ። በቀይ ባሕር፣ ማዕበሉ ከሁለት ሜትር እንደሚያልፍ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አነበበው።

እሜቴ ውዴ ተነሡ። ራሳቸውን ገለጡና ወደ ጣራው ቀና ብለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጌታዬ ሆይ» አሉ፤ «በረዶውን ለኔ ስጥ፣ ማዕበሉን ከሱ አርቅ። ገብሴን ውሰድና ልጄን ተውልኝ።» አንድ ሹፌር ሊስቅ አለና አፈረ። እንድሪስ ቀስ ብሎ «አሚን» አለ። የንስሐ አባታቸው አባ ወልዴ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር፤ እዚሁ ጋይንት ካለው ቤተ ልሔም ተምረው የመነኮሱ፣ ቁጡ ሽማግሌ። «አንቺ ውዴ!» ብለው ጮኹ፣ «እግዜርን ገበያ አወጣሽው? ሲሻው ሁለቱንም ይወስዳል፣ ሲሻው ሁለቱንም ይተዋል። ይህ ስለት አይደለም፣ ንግድ ነው!» እሜቴ ውዴም «አባ፣ እርስዎ መነኩሴ ነዎት፤ ልጅ የለዎትም» አሏቸው። አባ ወልዴ ሻያቸውን ጨረሱና ወጡ።

የጎረቤት ሰዎች ደግሞ ለምነዋቸዋል። ገብሱ ቶሎ ደራሽ ነው፣ ወደ ቢጫ መልሷል፣ ለደቦው ሰው ሞልቷል። «እንጨድልዎ እሜቴ፤ በረዶ አለ እየተባለ እኮ ነው። ለልጁ ጥግ ላይ ትንሽ እንተውለታለን» ይሏቸዋል። «አይነካም። ተሰጥቷል» ይላሉ። «ለማን ነው የተሰጠው?» «ለባለቤቱ።» እልኸኛ ነበሩ። እኔም አንድ ቀን ወንዙን ተሻግሬ ሄጄ «እሜቴ፣ ዓመቱን ምን ሊበሉ ነው?» ብዬ ተቆጣኋቸው። እርሻው ዳር ቁጭ ብለው እህሉን እያዩ ነበር። አንዱን ዛላ በመዳፋቸው ዳሰሱና «አምሮ የሄደ ስጦታ ነው ደስ የሚለው፤ ለእግዜር ደግሞ ግርድ ይሰጣል እንዴ?» አሉኝ። አንጀቴን በልተውት ተመለስኩ።

በረዶው የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ከጉና በኩል ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋሱ አንድ ጊዜ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ከማዶ ባቄላ በጆንያ ቆርቆሮ ላይ የሚደፋ መሰለ። ብዙም አልቆየ። ሲያባራ ከበረንዳዬ ሆኜ ወደ ማዶ ባይ፣ ከዚያ ሁሉ ማሳ መሐል የእሜቴ ውዴ እርሻና ከጎኑ ያለች ቁራጭ መሬት ብቻ ነጭ ሆኗል፤ ከሸንተረሩ ወዲህ ያለው ሁሉ ቆሟል። በረዶ እንዲህ ነው፣ በመንገድ መንገድ ነው የሚሄደው። ሻይ ቤቱን ጥዬ ሮጥኩ፣ እንድሪስም መቀሱን እንደያዘ ተከተለኝ። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሆኖ ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል። «እግዜር ያጽናዎት» ልንል ነው። እሜቴ ውዴ በባዶ እግራቸው እርሻው መሐል በረዶው ላይ ቆመዋል። አንድም የቆመ አገዳ የለም። እና እልል ይላሉ! «እልልልል! ተቀበለኝ! ጎረቤቶቼ፣ ተቀበለኝ!» ይላሉ።

አንዷ ሴት «አበዱ!» ብላ ለቅሶዋን ጀመረች። አባ ወልዴም መጥተው ነበር፤ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን አንድ የበረዶ ፍሬ አንሥተው መዳፋቸው ላይ እስኪሟሟ አዩት። «እንግዲህ ምን እላለሁ፤ እልል በሉላት እንጂ» አሉ። እኛም አልቅሰን ልንሄድ መጥተን እልል ብለን ተመለስን።

በደመራው ዋዜማ አውቶቡሱ ደጄ ላይ ቆመና አንድ ረጅም ወጣት ወረደ። ነጭ ቆብ፣ የተሻሸ ዩኒፎርም፣ ፊቱ አመድ የመሰለ። አለምነው! አቅፌ ሳምኩት፣ ወንበር ሰጠሁት፣ ከዚያ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ባሕሩ እንዴት ነበር?» ሆነ። «እትዬ የሺ፣ ባሕሩን ተይው፤ አውሮፕላኑ ነው የገደለኝ!» አለ። የሰሜን ተራሮች ላይ ደመና ውስጥ ገብተው በወንፊት እንዳለ ዱቄት ሲነፉ፣ የበላውን ሁሉ መልሶ፣ ማርያምን ሲጠራ ነው የደረሰው። እንድሪስ ከማሽኑ ላይ ሆኖ «እናትህ እኮ ለባሕሩ ከፈሉ እንጂ ለአውሮፕላኑ ምንም አልከፈሉም!» አለው። «ምን ከፈለች?» ነገርነው። ልጁ ሻዩን አስቀመጠ። ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ የሺ፣ አፈር ስሆን ለእናቴ አትንገሪያት። እኔ ባሕር ላይ ወጥቼ አላውቅም። ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ለመርከበኞቹ ዳቦ የሚጋገርበት ቤት ውስጥ ነው የምውለው፣ መርከብ የማየው በመስኮት ነው» አለኝ፣ እንድሪስም እየሰማ።

ወይ ጉድ! ያ ሁሉ ጠመኔ፣ ያ ሁሉ «እስ!»፣ ያ ሁሉ ገብስ፣ ለዳቦ ጋጋሪ! መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ። «በል እንግዲህ» አልኩት፣ «ዛሬ ማታ ስለ ባሕር ይጠይቁሃል፤ ደህና አድርገህ አውራ።» አወራ ደግሞ! እናቱ እግሩን አጥበው ሲጨርሱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ ማዕበሉን እንደ ጉና አገዘፈው፣ መርከቡን አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል ነዳው። እሜቴ ውዴ ጉልበቱን ይዘው «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?» ይሉናል። እኔና እንድሪስ መተያየት አልቻልንም። እሸቱ ከጎረቤት መጣ። በየደቦው ማብቂያም ሰዉ ነዶ እየተሸከመ እሳቸው ደጅ ይከምር ነበር፤ ያ ዓመት እሜቴ ውዴ ጦማቸውን አላደሩም። እንዲያውም «ከራሴ እርሻ ይህን ያህል አግኝቼ አላውቅም» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

አለምነው ተመለሰ። ከዚያ ዘመኑ ከፋ፤ እንዴት እንደከፋ ሌላው ይጻፈው። መልእክት የሚያመጡ ሹፌሮች ቀሩ። አንድ ወቅት ላይ በመንገዳችን ከሰሜን የሚመለሱ ወታደሮች ያልፉ ጀመር፣ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ዱላ ተደግፈው። እሜቴ ውዴ ንፍሮ ቀቅለው መንገድ ዳር ተቀምጠው ለአላፊው ሁሉ ያድላሉ፤ «ባሕር ኃይል ያለ አለ? አለምነውን የሚያውቅ አለ?» ይላሉ። የለም። አንዱ ብቻ «ከባሕሩ በኩል ያሉት የት እንደገቡ አናውቅም እናቴ» አላቸው። ምሽት ምሽት ግን ሻይ ቤቴ ይመጣሉ። ጠመኔው አሁንም ግድግዳው ላይ አለ።

ከዚያ አንድ ምሽት ነው። ሬዲዮው በአዲስ ድምፅ፣ በአዲስ አጠራር የአየር ጠባዩን ያነባል። የኛን አለ፣ የጎጃምን አለ፣ በረራውን አለ። «እስ! ባሕሩ ደረሰ» ብለን ዝም አልን። ዘፈን ገባ። እንደ ቀልድ ባሕሩን ዘለለው። በማግሥቱም ዘለለው። አንዱ መምህር በጆሮዬ «እንግዲህ አያነቡትም፤ የኛ አይደለም መሰለኝ» አለኝ። እሜቴ ውዴ ዱላቸውን ጨብጠው ሬዲዮዋን አፈጠጡባት። «ምነው? ባሕሩን ምነው ተወው?» አሉ። ሻይ ቤቱ ሁሉ ወደኔ ዞረ። «አልተወውም እሜቴ» አልኩ፣ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። «ቀድሞ ተናግሮታል፣ እናንተ ስታወሩ አመለጣችሁ። ባሕሩ ጸጥ ብሏል፣ ማዕበል የለም አለ።» «እውነት እንድሪስ?» አሉ። እንድሪስ በሐሰት አይምልም። አንገቱን ደፍቶ ማሽኑን ረገጠው፣ ትርርርር አድርጎ፣ ጥያቄው እንዳይሰማ። እሜቴ ውዴ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጠመኔው አዩና «ተመስገን» ብለው ወጡ።

በቃ፣ ሥራዬ ሆነ። ማታ ማታ ሬዲዮው ሲጨርስ እኔ እቀጥላለሁ፤ «ባሕሩ ጸጥ ብሏል» እላለሁ። አንዳንዴ እንዳያስታውቅ «ትንሽ ነፋስ አለው፣ ከጉልበት አያልፍም» እላለሁ። አባ ወልዴ እንኳን ይህን ሲሰሙ ሳል ይይዛቸዋል እንጂ አንድ ቃል አይወጣቸውም። ሰው ግን ውስጥ ውስጡን ተስፋ ቆርጦ ነበር፣ እኔንም ጨምሮ። ቤቴ ስገባ «ልጁ ሞቶ ከሆነ በሬሳ ላይ እየቀለድኩ ነው» እያልኩ አለቅሳለሁ። ማታ ደግሞ ተመልሼ ባሕሩን ጸጥ አደርገዋለሁ።

መስቀል መጣ፣ ሄደ፣ ተመልሶም መጣ። አንድ የመስከረም ቀን አውቶቡስ ሳይሆን የጭነት መኪና ደጄ ላይ ቆመና አንድ ሸበት ያለ፣ ከሲታ ሰው ወረደ። ቆብ የለው፣ ዩኒፎርም የለው። እሜቴ ውዴ እዚያው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ያወቁት እሳቸው ናቸው፤ ከእግሩ አጣጣል ነው ያወቁት። የሆነውን ልጽፈው አልችልም። ሰው ሲረጋጋ፣ ሻይ ሲቀዳ፣ አለምነው ነገረን። ምጽዋ በተያዘች ጊዜ የዳቦ ቤቱም ሰው፣ ቁስለኛውም፣ ሴቱም ልጁም በቀረው መርከብ ላይ እንደ እህል ተጫነ። ዕድሜውን በመስኮት ያየው ባሕር ላይ ያን ቀን ወጣ። ከማዶ አገር ደርሶ፣ እዚያ በሰው ቤት ዳቦ ሲጋግር ቆይቶ ነው የተመለሰው። «እናቴ» አለ፣ «ስንወጣ ሁላችንም እናልቃለን ብለን ነበር፤ መርከቡ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ትንሽ ማዕበል ቢመጣ አንተርፍም። ባሕሩ ግን በሸክላ እንዳደረ ውሃ አርፎ ነበር። ጸጥ። መርከበኞቹ ራሳቸው እንዲህ ያለ አላየንም አሉ።» ከዚያ እኔን አየኝ። ስለ ዳቦ ቤቱ ለእናቱ ያን ጊዜ ነው የነገራቸው፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ እያፈረ። እሜቴ ውዴ ግን አልደነቃቸውም። «ታዲያ ምን ልዩነት አለው፤ ገብሱ ለዚያ ቀን ነበራ» አሉ።

ቀጥለው ወደኔ ዞሩ። ፈገግ ብለዋል፣ ዐይናቸው ግን እርጥብ ነው። «እኔ ዐይኔ ነው እንጂ የደከመው ጆሮዬ ደህና ነው» አሉኝ። «ሣጥንሽ ባሕር መጥራት ከተወች ስንት ጊዜዋ። እኔስ ለባሕሩ ገብሴን ከፈልኩ፤ አንቺ የሺ፣ ያን ሁሉ ምሽት ጸጥ ያሰኘሽው ምን ከፍለሽ ነው?»

እንድሪስ አንገቱን ደፍቶ ጨርቅ የሌለበትን ማሽን መርገጥ ጀመረ።